በወይዘሮ ላሊሴ ገርባ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ስለተሰቀሉት ሁለት ፎቶዎች

ለማኅበራችን አባላት፣ ለሥልጠና ክፍላችን ተማሪዎችና በሐዘናችን ለተካፈላችሁ ሁሉ፤

በዚህ ሳምንት ቡራዩ ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ወጥቷል፦ የአንዲት ሴት ፎቶ ለምን ሁለት ሆኖ ተሰቀለ? ለዚያውም አንዱ ከሌላው ሳይመሳሰል? አንዳንዶቻችሁ ድንኳኑ ውስጥ በሹክሹክታ ጠይቃችሁናል። አንዳንዶቻችሁም ጥያቄውን ሳትጠይቁ፣ ከሟች ጋር እህታቸውም የሞተች መስሏችሁ ለሁለት ሰው አልቅሳችኋል። መልሱን እንሰጣለን። አስቀድመን ግን ልንጽፈው እየከበደን ያለውን እንጻፍ።

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ የፎቶ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራችና የሥልጠና ክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ላሊሴ ገርባ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማክሰኞ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ ረቡዕ በትውልድ ስፍራቸው በመናገሻ፣ ወዳጅ ዘመዶቻቸውና የሙያ ልጆቻቸው በተገኙበት ተፈጽሟል። ማኅበራችን ሐዘኑን በወግ ቃል ለመግለጽ ሞክሮ አልሆነለትም። የሰርግ ወቅት ነውና በየስቱዲዮው ሥራ ተቆልሏል። ከኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ሁሉ «እትዬ ላሊ፣ ይቺን ፊት እንዴት ላድርጋት?» ሊል ስልኩን ያነሣና መልሶ ያስቀምጠዋል።

ወይዘሮ ላሊሴ ከአባታቸው ከኦቦ ገርባና ከእናታቸው ከአዴ ጠጅቱ በ1976 ዓ.ም. ተወለዱ። ወላጆቻቸው እስከ ዛሬ በእርሻ የሚተዳደሩ ናቸው።

በ1997 ዓ.ም. ቡራዩ በሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት በደንበኛ ተቀባይነት ተቀጠሩ። በዚያ ቤት ኮምፒውተሩን የሚነካው ባለቤቱ ብቻ ነበር። «ምሳ በልቶ እስኪመለስ ሁለት ሙሽራና አንድ ዲያቆን አስተካክል ነበር» ይሉን ነበር ሲያጫውቱን። ባለቤቱ የደረሰበት ቀን ያባርረኛል ብለው ሲፈሩ፣ ወንበሩን ለቆላቸዋል።

በ2003 ዓ.ም. እዚያው ቡራዩ፣ ኬላ በሚባለው አካባቢ የራሳቸውን ስቱዲዮ ከፈቱ።

በ2008 ዓ.ም. በሦስቱ ከተሞቻችን ብዙም ያልተለመደውን በሮው ማንሣትና በሮው ማረም አስጀመሩ። ከሙያው ውጭ ለሆናችሁ፣ ሮው የሚባለው ካሜራው ያየውን ብርሃንና ጥላ ሳይቀንስ የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል ነው። ቦታ ስለሚበላ እኛ እንሸሸው ነበር። እሳቸው ግን ጥላ ውስጥ የጠፋ ጉንጭ በሶፍትዌሩ ተመልሶ እንደሚታይ፣ ፎቶው የቱንም ያህል ቢነካካ ዋናው ፋይል እንደማይበላሽና አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ሁሉም ወደ ነበረበት እንደሚመለስ በትዕግሥት አሳዩን።

በ2010 ዓ.ም. ከሰበታው ባለ ስቱዲዮ ከአቶ የህያ ጋር ሆነው ይህን ማኅበር መሠረቱ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሱሉልታ ላይ በየቅዳሜው ያለ ክፍያ አስተማሩ። ለዚህም ከቡራዩ ሁለት ታክሲ ይይዙ ነበር፤ ቀርተው አያውቁም፤ የሚያረፍደው ሁልጊዜ ሱሉልታ የሚኖረው ተማሪ ነበር።

የሚያስተምሩት ሕግ አጭር ነው፦ «በወር ውስጥ ከፊት ላይ የሚጠፋ ነገር ይጥፋ። ከወር በኋላም የሚኖር ነገር ይኑር።» በዚህ ሕግ ብጉር ይነሣል፣ የጉንፋን ቅላት ይነሣል። ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ ማርያም የሳመችው ምልክትና የቆዳ ቀለም ግን አይነኩም። እኛ ጋ የመጣ ደንበኛ ሳይጠይቅ ይቀላል፤ እሳቸው ጋ ለምኖም አይቀላም። ለሰርጓ ፎቶ «እትዬ፣ ትንሽ ቀላ አድርጊኝ በእናትሽ» ላለቻቸው ሙሽራ «ኋላ ባልሽ ቬሉን ሲገልጥ ሌላ ሰው ሰጣችሁኝ ብሎ እኔን ይክሰሰኝ?» ብለው መልሰውላታል። ሙሽራዋ ስቃ ተነሣች። ሁሉም ግን አልሳቀም። «እሷ ጋ ከሄድሽ እንደ መታወቂያሽ ነው የምታወጣሽ» የሚል ወሬ እየተነዛ ብዙ ደንበኛ ተነጥቀዋል። ወሬውን የነዛነው እኛው የማኅበሩ አባላት ነን።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ እንመለስ።

ባለቤታቸው አቶ ዳኜ ለድንኳኑ የሚሆን ትልቅ ፎቶ እንድናዘጋጅ የጠየቁን ባረፉበት ዕለት ነው። በእጃችን የነበረው የቅርብ ፎቶ፣ ባለፈው ጥቅምት ሱሉልታ ሥልጠና ላይ አቶ የህያ በሮው ያነሣቸው ነው። ተማሪዎቹ ለመነሣት ሲያፍሩ እሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና «ዛሬ ርካሽ ሞዴል አግኝታችኋል። ዓይኔ ሥር ያለውን ጥቁረት ለፈተና ነው ያመጣሁላችሁ» አሉ። ያኔ ሕመሙ ጀምሯቸው ነበር።

ያንን ፋይል ከፍተን ተካፈልነው። አንዳችን ፊታቸውን አለሰለሰ፣ አንዳችን ቀለማቸውን አቀላ፣ ሌላችን ከግራ ቅንድባቸው በላይ ያለውን ጠባሳ አነሣ፣ ሌላው ዓይናቸው ሥር ያለውን ጥላ አጠፋ። ማንም ማንንም አላዘዘም። የወደድነውን ሰው አሳምረን መሸኘታችን መስሎን ነበር። ታተመ፣ ፍሬም ገባ፣ ረቡዕ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተሰቀለ።

ኦቦ ገርባ ከመቃብር ተመልሰው ገቡና ፎቶው ፊት ቆሙ። «ኩን ኤኙ?» አሉ፤ ይቺ ማናት ማለታቸው ነው። ዘመድ ቀረብ ብሎ «ላሊሴ ናት እኮ፣ ኦቦ» ቢላቸው፣ «የእኔ ልጅ ጥቁር ናት» ብለው ወንበራቸውን አንሥተው ወጡ። ከድንኳኑ ውጭ፣ ጀርባቸውን ለፎቶው ሰጥተው ተቀመጡ። ለቀስተኛው አባትን ሊያጽናና ይገባል፤ አባት የለም። ሲወጣ በር ላይ ያገኛቸዋል። ሽማግሌዎች ለመኗቸው፤ «ልጄ እዚያ ውስጥ ስትኖር እገባለሁ» አሉ። አንድ አባት የልጁን ለቅሶ ከደጅ ሆኖ እያለቀሰ መሸ፤ ይህን ያመጣነውም እኛ ነን።

ይቅርታ ልንጠይቅ ስንሄድ ከመካከላችን አንዱ አፉ አምልጦት «አባባ፣ አሳምረናት እኮ ነው» አለ።

«ድሮስ ምን ሆና ነበር?» አሉት።

እሳቸው ቀጠሉ። «ልጅ ሆና ከአህያ ላይ ወድቃ ግንባሯን ድንጋይ መታት። ጀርባዬ ላይ አድርጌ ሆለታ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ደሟ ሸሚዜን አልፎ ሰውነቴን ነካኝ፤ ሞታለች ብዬ መንገዱን ሙሉ እያዋራኋት ነው የሄድኩት። ያንን ጠባሳ ባየሁ ቁጥር ያ መንገድ ነው የሚታየኝ። እሱን አጥፍታችሁ ምን ላይ አልቅስ ትሉኛላችሁ?»

ሐሙስ ጠዋት ሰበታ፣ አቶ የህያ ስቱዲዮ ተሰበሰብን። የህያ ፋይሉን ከፍቶ የመመለሻውን ቁልፍ ሲጫን ወይዘሮ ላሊሴ ተመለሱ፤ ከነቀለማቸው፣ ከነጠባሳቸው፣ ሊስቁ ሲሉ አፋቸው ጥግ ላይ ከምትመጣው መስመር ጋር። የህያ «አትነካኩብኝ» ብሎ መዳፊቱን በእጁ ሸፈነ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ግራ ጉንጫቸው ላይ የነበረውን ጨለማ ብቻ ገለጥ አደረገና እጁን አነሣ።

የቀረው ከዓይናቸው ሥር ያለው የሕመሙ ጥላ ነው። እዚህ ላይ ያስተማሩን ሕግ ራሱ ጥሎን ሄደ። በወር ውስጥ የሚጠፋ ነው ወይ? ጥቅምት ላይ ብንጠየቅ አዎ እንል ነበር። እሳቸውም እንደዚያ ያስቡ ነበር መሰለን። አልጠፋም። ስንከራከር ቆይተን ላፕቶፑን ይዘን ቡራዩ ሄድንና ቤተሰቡን ጠየቅን።

ኦቦ ገርባ ስክሪኑ ላይ ጠባሳውን በጣታቸው ነክተው ሲያበቁ «ሕመሙን አንሡት» አሉ። «እሱ እንግዳ ነው፤ የእሷ አይደለም።»

አቶ ዳኜ ግን «አይ አባባ፣ ይተውት» አሉ። «አንቱ ጠባሳዋን ተሸክመው ሄደዋል። ይሄኛውን ደግሞ ያስታመምኩት እኔ ነኝ።»

ኦቦ ገርባ ጣታቸውን ከስክሪኑ ላይ አንሥተው ወደ አማቻቸው ዞሩ። ከዚያ «እሺ» አሉ። «ያንተም ይቀመጥ።»

ሁለተኛው ፎቶ በዚህ ሁኔታ ታትሞ በዚያው ቀን ከሰዓት ደረሰ። የመጀመሪያውን ልናወርድ ስንል አዴ ጠጅቱ ከለከሉን። «ተዉት። ሰው አልቅሶበታል፤ የተለቀሰበት አይወርድም። ይልቅ ገርባን አስገቡልኝ።» ሁለት ፎቶ የሆነው ለዚህ ነው። ኦቦ ገርባም ወንበራቸውን ይዘው ገቡና ከአማቻቸው ጎን፣ ከሁለተኛው ፎቶ ሥር ተቀመጡ። በሐውልቱ ላይ የሚሠፍረው ይኸው ፎቶ እንዲሆን ቤተሰቡ ወስኗል።

ጉዳዩ በዚህ ቢዘጋ ለእኛ ይቀለን ነበር። ዐርብ ዕለት ግን አንዲት የቡራዩ ነዋሪ ሁለቱን ፎቶዎች አይተው «የሞተው ወንድሜ ፎቶ ላይ የሚጎድል ነገር አለ። ባየሁት ቁጥር ይከፋኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። እናንተ ናችሁ እንዴ የወሰዳችሁት?» አሉን። ምናልባት እኛ ነን። በሦስቱ ከተሞች ስንት ሳሎን ውስጥ ከእኛ እጅ የወጣ፣ የለሰለሰና የቀላ ሟች እንደተሰቀለ አናውቅም። ስለዚህ የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ተሰብስቦ፣ ማንኛውም አባል የሟች ሰዎችን ሮው ፋይል ለቦታ ብሎ እንዳያጠፋ፣ ደንበኛ ሳይጠይቅ ቆዳ የሚያቀላው የሶፍትዌር ቅንብርም ከየኮምፒውተሩ እንዲወጣ ወስኗል። የቅዳሜው ትምህርት አይቋረጥም። ማን እንደሚያስተምር ገና አልተስማማንም፤ ክፍሉ ግን ይከፈታል፤ ተማሪውም እባካችሁ በሰዓቱ ይምጣ።

ለአቶ ዳኜ፣ ለልጃቸው ለሊቤ፣ ለኦቦ ገርባና ለአዴ ጠጅቱ፣ ለመላው ቤተሰብ፣ እንዲሁም ከእሳቸው ጋር ለሠራችሁና ከእሳቸው ለተማራችሁ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋግ ሰዎች ዕቅፍ ያኑርልን። ቤተሰቡ ይቅር ስላለን እናመሰግናለን፤ ይህን ታሪክ እንድናወጣው የፈቀዱልንም እነሱ ናቸው።

እናንተንም አንድ ነገር እንለምናለን። ቤታችሁ የተሰቀለ የሟች ፎቶ ካለና አንድ ነገር የሚጎድለው ከመሰላችሁ፣ በማኅበሩ የቴሌግራም ገጽ ጻፉልን፤ ወይም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ወዳሉት የአባላት ስቱዲዮዎች አምጡት። ዋናው ፋይል ካለን ያለ ክፍያ መልሰን እንሠራዋለን። ከጠፋም ጠፍቷል ብለን እውነቱን እንነግራችኋለን። ስትመጡ ግን ሟቹን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ኑ፤ ፊቱ ላይ ያለው ምልክት የማን እንደሆነ ሳንጠይቅ ከእንግዲህ አንነካም።

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ የፎቶ ባለሙያዎች ማኅበር
የካቲት 2018 ዓ.ም.፣ ቡራዩ