የጓድ ሚደቅሳ ኩማን ዕረፍትና የተሻረውን የየካቲት 6 ጽሑፍ የሚመለከት መግለጫ

ለማኅበሩ አባላትና ሠራተኞች፣ ለልደታና ለተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ለከባድ መኪና አሽከርካሪዎች በሙሉ

የልደታ የከባድ መኪና ጠጋኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር መሥራች አባልና የአክስል ክፍል ኃላፊ የነበሩት ጓድ ሚደቅሳ ኩማ፣ ሰኞ የካቲት 4 ቀን 1977 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያስወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ በሥራ እንዳሉ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ሕይወታቸው አልፏል። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ በቤተሰባቸው፣ በእድራቸውና በሥራ ባልደረቦቻቸው ፊት ተፈጽሟል። ማኅበሩ አዝኗል። ከዚህ የተሻለ ቃል ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈልገን አላገኘንም።

ከዚህ መግለጫ በፊት፣ የካቲት 6 ቀን፣ ይህን በሚያወጣው በማኅበሩ ኮሚቴ ስም የተጻፈ አጭር ጽሑፍ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ለቤተሰባቸውም ተልኳል። ጽሑፉ አደጋው የደረሰው «በሟቹ የጥገና ጉድለት» እንደሆነ ይናገራል። ይህ ሐሰት ነው። ጽሑፉ ከዛሬ የካቲት 20 ቀን ጀምሮ ተሽሯል። እንዴት እንደተጻፈም ተራው ሲደርስ ይነገራል። አስቀድሞ ግን ስማቸው የጎደፈው ሰው ምን ሲሠሩ እንደኖሩ መታወቅ አለበት።

ጓድ ሚደቅሳ በ1929 ዓ.ም. በአምቦ አካባቢ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ በነበረ የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ላይ ተቀጠሩ። ብረት መቁረጥና ማለስለስ የተማሩት እዚያ ነው። ከጣሊያናዊው ብዙ የሥራ ቃልና አንድ ጥሩ ሞረድ እንደወረሱ ይናገሩ ነበር፤ ሞረዱ እስከ መጨረሻው ከእጃቸው አልጠፋም።

ከ1961 እስከ 1965 ዓ.ም. በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ የመኪና ውድድር ይደረግ ነበር። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ባንዲራ ሲወርድ ይነሣሉ፤ አራት መቶ ሜትር ቀጥ ብለው ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። የመኪኖቹ ባለቤቶች የሞተራቸውን የፈረስ ጉልበት እጥፍ እያስደረጉ ይመጡና፣ ገና ከመነሻው ሳይርቁ አክስላቸው ተበጥሶ በሰው ተገፍተው ይመለሱ ነበር። አክስል ማለት ከዲፈረንሻል እስከ ኋላ ጎማ ድረስ ጉልበት የሚያደርሰው የብረት ዘንግ ነው። ሌላው ጠጋኝ ወፍራም ብረት ሲፈልግ፣ ጓድ ሚደቅሳ የተሰበረውን እየለቀሙ ወደ ጋራዥ ይወስዱ ጀመር። ስብራቱን በእጃቸው ዳስሰው፣ ምን እንደሰበረው በትንሽ ወረቀት ጽፈው፣ በሽቦ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር።

ከዚያ ግድግዳ የተማሩትን ሁላችንንም አስተምረዋል። አክስል አብዛኛውን ጊዜ በጉልበት ብዛት ብቻ አይሰበርም። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራው፣ ሲጠመዘዝ የኋላ ጎማ ይዘላል፤ የዘለለው ጎማ ተመልሶ መሬት ሲይዝ ዘንጉን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ስለዚህ ባሌስትራው እንዳይጠመዘዝ ደጋፊ ብረት አበጁለት። የዘንጉ ጥርስ የሚጀምርበት ስለታም ማዕዘን የስብራት በር መሆኑን አይተው በሞረድ አለዘቡት፤ ቶርኖ የተወውን ጭረት በብርጭቆ ወረቀት አጠፉት። የተሰበረ አክስል በብየዳ መቀጠልን እንደ ነውር ይቆጥሩት ነበር። «ሞተር ማጠንከር ማንም ይችላል፤ ጉልበቱ መሬት እስኪደርስ የሚሄድበትን መንገድ ማን ያየዋል?» የሚለው አባባላቸው ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። እሳቸው ካዘጋጇቸው መኪኖች ያላሸነፉ ነበሩ። ተገፍቶ የተመለሰ ግን አልነበረም።

በ1969 ዓ.ም. ማኅበራችን በልደታ ሲቋቋም ጓድ ሚደቅሳ ከአሥራ ሰባቱ መሥራቾች አንዱ ነበሩ። ሥራው ከውድድር መኪና ወደ አሰብ መስመር ከባድ መኪና ተለወጠ። እሳቸው ግን ልዩነት የለውም ይሉ ነበር፤ በውድድር መኪናው ሞተሩ ከባድ ነው፣ በጭነት መኪናው ጭነቱ ከባድ ነው፣ መሐል ላይ ያለው ብረት ግን ያው ነው።

በ1970 ዓ.ም. በእያንዳንዱ አክስል ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነጭ የቀለም መስመር እንዲሰመር አደረጉ። መኪናው ለጥገና በገባ ቁጥር ዘንጉ ይመዘዝና መስመሩ ይታያል። ቀጥ ካለ ይመለሳል። መስመሩ እንደ ወይን ሐረግ መዞር ከጀመረ ብረቱ ተጠምዝዞ አልተመለሰም ማለት ነው፤ አዲስ ቢመስልም ይጣላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። መመሪያው በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ በነበሩት ሰባት ዓመታት፣ ከማኅበራችን በእሳቸው ፊርማ ወጥቶ በመንገድ ላይ አክስሉ የተሰበረ መኪና አንድም የለም።

በዚያው ዓመት በእያንዳንዱ ዘንግ ራስ ላይ «ቀ» ወይም «ግ» የሚል ምልክት እንዲመታ አደረጉ። ቀኝና ግራ ማለት ነው። በብዙ መኪኖች የሁለቱ ወገን ዘንግ ርዝመቱም ጥርሱም አንድ ስለሆነ፣ ያላወቀ ሰው አንዱን በአንዱ ቦታ ቢያስገባ ልክ ይገባል። ጓድ ሚደቅሳ ግን ይህን በጥብቅ ከለከሉ። በአንድ ወገን የሠራ ብረት በአንድ አቅጣጫ መጠምዘዝን ይለምዳል፤ ወገኑ ሲለወጥ በተቃራኒው ይጠመዘዛል፣ ያኔ ይበጠሳል። ይህን አንቀጽ አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

በ1973 ዓ.ም. ዘወትር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አሽከርካሪዎችን ማስተማር ጀመሩ። ትምህርቱ አንድ ነበር፤ ጎማ ጭቃ ሲይዘው ፍሪሲዮን በድንገት አትልቀቁ። አሽከርካሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁባቸው። ከሁሉ በላይ ይስቅ የነበረው አሽከርካሪ ከሊፋ በድሩ «ጋሼ ዘንጉ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ በኋላ ግን አንድም ሐሙስ ያልቀረ እሱ ነው። ሥራቸው ላይ ጥብቅ ነበሩ። የሥራ ካርድ የሚፈርሙት በዓይናቸው ያዩትን ብቻ ነው፤ ሰው እየጠበቀ፣ መኪና እየተንጫጫ፣ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ያያሉ። ይህ ያናደደን ቀን ብዙ ነው። «እዚህ ቤት ዘይት የሚቀየረው ንስሐ ተገብቶ ነው» እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። እሳቸውም ሰምተው ይስቁ ነበር።

አሁን ወደ ዘንድሮው እንመጣለን።

ከኅዳር ወር ጀምሮ ማኅበሩ ወደ ወሎ የእርዳታ እህል የሚያጓጉዙ መኪኖችን በመጠገን ዘመቻ ላይ ነው። መለዋወጫ የለም። የካቲት 1 ቀን አንድ መኪና ቆመ፤ የቀኝ አክስሉ መስመር ዞሮ ስለተገኘ ጓድ ሚደቅሳ አውጥተው ጥለውታል። በመጋዘን የተገኘው ሞተሩ ከተቃጠለ ሌላ መኪና የወጣ፣ አሥራ አራት ወር በግራ የሠራ፣ «ግ» የተመታበት ዘንግ ብቻ ነበር። ኮሚቴው በዚያው ቀን ተሰብስቦ ይኸው ዘንግ በቀኝ በኩል እንዲገባ ወሰነ። በሌሎች ሦስት መኪኖች ላይም ከየትም የተገኘ ዘንግ ወገኑ ሳይታይ እንዲገባ ታዘዘ።

ቃለ ጉባኤው አለ። ጓድ ሚደቅሳ ተጠርተው ይህን ተናግረዋል፦ «ጓዶች፣ ብረት አቤት አይልም። ባዶውን ሜዳ ላይ ከሄደ ይሄዳል። ጭኖ ዳገት ላይ ግን ይለቃችኋል። አራት ቀን ስጡኝ፣ ናዝሬት ሄጄ የቀኝ ዘንግ እፈልጋለሁ።» ሰብሳቢው የመለሱትም ተጽፏል፦ «ጋሼ ሚደቅሳ፣ አራት ቀን እኛ አለን። እዚያ ያለው ሰው አራት ቀን የለውም።» ይህ መልስ ውሸት አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚከብደንም ለዚህ ነው። የሚራበውን ሰው አስበን ነበር፤ የሚሾፍረውን ሰው አላሰብንም። ደግሞም እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ዕቅዱን ሳናሟላ ቀርተን የምንጠየቀውን ጥያቄ ፈርተናል።

ጓድ ሚደቅሳ የሥራ ካርዱን አልፈርምም አሉ። በእሳቸው ቦታ የፈረምነው አምሳሉ ተሰማ ሰብሳቢ፣ ቀመሪያ ሸምሱ ጸሐፊ፣ ፍሰሐ ወልዴ፣ ዘነበ ጉርሙ እና መሐሙድ ስርሞሎ ነን። ፊርማዎቹ አምስት ናቸው። የእሳቸው የለም።

መኪናው እሑድ የካቲት 3 ቀን ንጋት ላይ ሲወጣ፣ ጓድ ሚደቅሳ የመፍቻ ሣጥናቸውን ይዘው በረዳት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማንም አላዘዛቸውም። አሽከርካሪ ከሊፋ ለትራፊክ በሰጠው ቃል እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ ለምን ይለፋሉ ብላቸው፣ ያልፈረምኩበትን መኪና ብቻህን አልሰድህም አሉኝ። ኮምቦልቻ አደርን። ሐረጎን ስንይዝ በትንሽ ማርሽ፣ ቀስ በል፣ ቀስ በል እያሉኝ ነበር። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ጧ አለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ወደ ኋላ ይሄዳል። ፍሬኑ ጭነቱን አልያዘልኝም። ከኋላዬ ሰው የሞላ አውቶቡስ ነበር። ጋሼ ዘለው ወረዱ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ጎማው ተፍቶ ጣለው። ሁለተኛውን አቅፈው ይዘው ሲገቡ በመስታወት አየኋቸው። መኪናው ቆመ። ጋሼ ቆመልን ብዬ ተጣራሁ።»

ጓድ ሚደቅሳ በጎማውና በገደሉ ግድግዳ መካከል ተገኝተዋል። በአውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት ሃምሳ አንድ ሰዎች አልተጎዱም። እህሉ በማግስቱ በሌላ መኪና ተጭኖ ደሴ ገብቷል። ይህን የምንጽፈው ለማጽናኛ አይደለም፤ የሆነው ስለሆነ ብቻ ነው።

በዚያው ትዕዛዝ የወጡት ሌሎች ሦስት መኪኖች ባሉበት እንዲቆሙ ተደርጎ ዘንጎቻቸው ተመዝዘዋል። በሁለቱ ላይ ነጩ መስመር መዞር ጀምሮ ተገኝቷል። ሦስተኛው ገና ቀጥ ያለ ነበር፤ እሱም ወጥቷል።

የካቲት 6 ቀን ጉዳዩን የሚያጣራ ክፍል ምክንያቱን በጽሑፍ ጠየቀን። የአክስል ክፍል ኃላፊው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ጓድ ሚደቅሳ ስለሆነ፣ ጥፋቱንም ለእሳቸው ሰጠን። የሞተ ሰው አይጠየቅም፣ ቤተሰቡንም ቆይተን እናስረዳለን ብለን ነበር። ጽሑፉን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወይንሀረግ የወሰደው መልእክተኛ ወረቀቱን መልሶ ይዞት መጣ። ወይዘሮዋ በድንኳኑ ውስጥ፣ በእድርተኛው ፊት፣ «ሚደቅሳ ያላየውን አይፈርምም። የፈረመው ይምጣና ያልቅስ» ማለታቸውንም ነገረን። ከእኛ መካከል በዚያ ቀን የሄደ የለም። አፈርን። አሁንም እናፍራለን።

ስለዚህ ማኅበሩ የሚከተለውን ያረጋግጣል። በሐረጎ የተሰበረው አክስል የገባው የጓድ ሚደቅሳን ምክር በመተላለፍ፣ ያለ እሳቸው ፊርማና ከላይ ስማችን በተዘረዘረው አምስት ሰዎች ትዕዛዝ ነው። ዋናው የሥራ ካርድ፣ ቃለ ጉባኤውና የአሽከርካሪው ቃል ዛሬ ጠዋት ለአጣሪው ክፍል ተሰጥተዋል። አምስታችንም ከኮሚቴ ኃላፊነታችን ወርደን የሚሰጠንን ውሳኔ እንጠባበቃለን። በልደታና በተክለ ሃይማኖት የየካቲት 6 ጽሑፍ የተነበበበት ወይም የተወራበት ቤት ካለ፣ ይህም በዚያው ቤት እንዲነበብ እንጠይቃለን።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወይንሀረግ፣ ለልጃቸው ለማናለብሽ፣ አብሯቸው ወጥቶ ብቻውን ለተመለሰው ለአሽከርካሪ ከሊፋ፣ ለአክስል ክፍል ሠራተኞች፣ እንዲሁም ስማቸውን ሳያውቁ ለሄዱት የአውቶቡሱ መንገደኞች መጽናናትን እንመኛለን።

ለእኛ ግን ማንም እንዳይመኝልን።

የልደታ የከባድ መኪና ጠጋኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር
የካቲት 20 ቀን 1977 ዓ.ም.
አዲስ አበባ