የሁለት ቤት ድስት

ውድ ጎረቤቴ፣

ቤቱን ለቀሽ ከሄድሽ ቆየ፣ እኔ ግን ሌላ መጠሪያ አላገኘሁልሽም። በስልክ ስንገናኝ “እንዴት ናችሁ?” “ደህና፣ እናንተስ?” እንባባላለን። ያንቺ ልጅ ከጀርባ ይጠራሻል፣ የኔዋም ትጠራኛለች፣ የሆዴን ሳልነግርሽ ይዘጋል። ዛሬ የእረፍት ቀኔ ነው፤ ቤቱም ጭር ብሏል። ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

መቼም ትዝ ይልሻል። አንቺ ከመድኃኒት ቤቱ፣ እኔ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ እግራችንን እየጎተትን ስንመለስ ደረጃው ላይ ተገናኘን። “ትናንት ማታ ምን በላችሁ?” አልሽኝ። “ዳቦ በሻይ፤ እናንተስ?” “እኛም ዳቦ በሻይ።” እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ድንገት ኮስተር ብለሽ፣ “ለምን ሁለታችንም እንቃጠላለን? አንድ ቀን አንቺ፣ አንድ ቀን እኔ፤ በአንድ ድስት ለሁለት ቤት” አልሽ።

እንዲህ ተጀመረ። ምስሩን፣ ቦሎቄውን፣ ጎመኑን በየተራ እየሠራን ልጆቻችንን አሳደግን። ሹፌሩ ባሌ “ይቺ ሴትዮ ዘይቱንም እንደ መድኃኒት በጠብታ ነው የምትሰጠን” እያለ ያማሽ ነበር፤ ሳህኑን ግን በዳቦ ጠርጎ ነበር የሚነሳው። ልጆቹ በየትኛው ቤት እንደበሉ እንኳ አያስታውሱም ነበር። እኔና አንቺ ደግሞ ሁሉም ጠግቦ ሲበተን፣ ድስቱ ሥር የቀረውን እየቃመስን የምናወራው ነገር ነበረን። ስለ ምን እንደነበር ብትጠይቂኝ አላውቀውም። ስለ ምንም።

ከዚያ የባልሽ ዝውውር መጣ። ዕቃው መኪና ላይ ሲጫን አጠገብሽ ቆሜ ስንት ነገር ልልሽ ፈልጌ፣ ከአፌ የወጣው “የፍሪጁን በር በገመድ እሰሩት፣ መንገድ ላይ ይከፈታል” የሚል ነበር። “እሺ፣ ደውይልኝ” አልሽ። በቃ፣ ይኸው ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ለራሴ ቤት ብቻ ማብሰል አቃተኝ። ስንፍና አይደለም። ማታ ገብቼ ምስር ልለቅም እቀመጥና ሳልጨርስ ትቼው እነሳለሁ። “ለዛሬ ብቻ” እያልኩ ከታች ካለው ሱቅ የተጠበሰ ድንች ገዛሁ፤ “ለዛሬ ብቻ” የየቀን ሆነ። ትልቋ ልጄ የምሳ ዕቃዋን በብስኩት መሙላት ለመደች፤ ሚጢጢው ደግሞ ያለ ለስላሳ ጉሮሮው አልከፈት አለ። ሹፌሩ በተርሚናሉ ቆሞ የጎረሰውን ጎርሶ፣ በጣፋጭ ሻይ አወራርዶ ይነዳል። በአንድ ቤት እየኖርን አራታችንም በየፊናችን እንበላ ጀመር።

አንድ ቀን ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሹፌሩ የሚነዳው አውቶቡስ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ የፊት ለፊቱ የትራፊክ መብራት ሁለት ሆኖ ታየው። ዓይኑን ቢያሸው አልጠራ አለ። እግዜር ይመስገን፣ ልቡን አልነሳውም፤ ቀስ ብሎ ዳር ያዘና አቆመ። ተሳፋሪው “ምን ሆነ? መኪናው ተበላሸ?” እያለ ሲጮህ ዞሮ፣ “ይቅርታ አድርጉልኝ፤ መኪናው ደህና ነው፣ የተበላሸሁት እኔ ነኝ” አላቸው። ይህን የነገረችኝ ደግፋ ክሊኒክ ያደረሰችው ትኬት ቆራጯ ናት። እሷ እየሳቀች ነበር የነገረችኝ። እኔ ግን አንጀቴን በላው።

ሐኪሙ “ስኳርህ ጣሪያ ነክቷል፤ እስኪስተካከል መሪ አትይዝም” አለው። መድኃኒት ታዘዘለት፤ በሥራ ቦታው ደግሞ አውቶቡሶቹ በሚያድሩበት ዴፖ ውስጥ ቁልፍ ተቀባይ አደረጉት። አንቺዬ፣ ያ ቀልደኛ ሰውዬ ዝም አለ። የሹፌር ዩኒፎርሙን ግን በየጠዋቱ ተኩሶ መልበሱን አልተወም።

እኔም ልቤ ደንግጦ ትንሽ ድስት ገዛሁ፤ የእሱን ለብቻ መቀቀል ጀመርኩ። ጎመን ያለ ጨው፣ ካሮት ያለ ምንም። ለእኛ ደግሞ የለመድነውን። ሳህኑን ይዞ መስኮቱ ጋ ይሄዳል፤ ጀርባውን ሰጥቶን ይበላል። ደህና እየሠራሁ መስሎኝ ነበር። አንድ እሑድ ትልቋ ሹካዋን አስቀመጠችና፣

“እማዬ፣ የአባዬ በሽታ ተላላፊ ነው እንዴ?” አለችኝ።

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ታዲያ ለምን ለይተሽ ታበይዋለሽ? እሱ የሚበላውን እኛ ብንበላ እንሞታለን?”

ሹፌሩ መስኮቱ ጋ እንደቆመ፣ “እንዲህ አልጫ ከሆነማ ትሞታላችሁ” አለ። ስንት ጊዜ የጠፋ ቀልድ! ሚጢጢው ምኑም ሳይገባው ተንከተከተ፤ እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በዚያው ቀን ትልቁን ድስት ከቁምሳጥን ላይ አወረድነው። አራታችንም ጓዳ ገባን። ትልቋ ካሮት ፋቀች፣ ሚጢጢው ምስር ለቀመ፣ የለቀመውን ግማሽ መሬት ላይ ዘራው። ሹፌሩ ሽንኩርት እየከተፈ እንባው ይወርዳል። ጎመኑ አልገባ ሲለኝ ማማሰያውን ተቀበለኝና፣ “ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ! ኋላ ባዶ ነው!” እያለ ጠቀጠቀው። ሾርባውን በነጭ ሽንኩርት፣ በቲማቲምና በሎሚ አጣፈጥነው። ጨዉንም ዘይቱንም ባንቺ ልክ አደረግኩት። ለሳምንቱ የሚሆነውን ከፋፍለን ፍሪጅ ከተትን። ብስኩቱ ተረስቶ ባይቀርም ቀነሰ፤ ለስላሳውን ለማስተው ግን ሚጢጢው ስንት ቀን አኮረፈኝ መሰለሽ!

እጄ የሁለት ቤት ልክ ለምዷል መሰለኝ፣ ያን እሑድ ሾርባው ተረፈን። በሳህን ሞልቼ ያንቺን በር አንኳኳሁ። አሁን አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ነው የሚኖርበት። ጆሮው ላይ ማዳመጫውን እንዳደረገ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ “ኦ፣ አመሰግናለሁ፣ ምግብ አዝዣለሁ” አለኝ። ባለጌ አይደለም፤ ፈገግ ብሎ ነው የዘጋው። ትኩስ ሳህን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በበሩ ስንጥቅ ያየሁት ግድግዳ ሌላ ቀለም ተቀብቷል። መሄድሽን ያኔ ነው ያመንኩት።

ሹፌሩ ግን ዳነልሽ ልበል? ሐኪሙ “ዳነ አይባልም፣ ተስተካከለ ነው የሚባለው” ይላል። ከዴፖው በእግሩ እየተመለሰ፣ መድኃኒቱን ሳያዛንፍ፣ ከእኛው ድስት እየበላ ስኳሩ ወረደ። መሪውን የመለሱለት ቀን አውቶቡሱን በሠፈራችን ሲያሳልፍ ጥሩምባውን ነፋልን፤ ሚጢጢው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ጎረቤቱን ሁሉ አሰማ።

ደስ አላለኝም ብዬ እግዜርን አላስቀይምም። ግን እሱ አሁን የጠዋት ፈረቃ ነው፣ እኔ የማታ። ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ይወጣሉ። የሚበሉት ደህና ነገር ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ የሠራሁት። እኔም ሥራ ከመግባቴ በፊት ድርሻዬን አሙቄ ጠረጴዛው ላይ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ጎመኑ ይጣፍጣል፣ ምስሩ ይጣፍጣል። ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ ሬዲዮ ደግሞ መልስ አይሰጥሽም። ያኔ ያጠገበን ምግቡ ብቻ እንዳልነበር አሁን ገባኝ። ይህን ለሹፌሩ ብነግረው ደግሞ ይከፋዋል፣ የሱ ጥፋት ይመስለዋል። ላንቺ ነው የምናገረው።

እንግዲህ አደራሽን፣ ስትመልሺልኝ ስለ አየሩና ስለ ኑሮው አትጻፊልኝ። ምሳሽን ከማን ጋር እንደምትበዪ ንገሪኝ። ብቻሽን ከሆነ አትደብቂኝ። ሌላ ጎረቤት አግኝተሽ ከሆነም አትደብቂኝ፤ ቅናት ያንጨረጭረኛል፣ ግን እኔው የጠገብኩ ያህል ደስ ይለኛል።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

አንቺ የራብሻት ጎረቤትሽ