በወረቀት ላይ ዕቃ ማስቀመጫ ስለሆነው የጓሮ ደረጃችን

ለተከበሩ የሕንፃ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ የጉልበትዎን ጤና እጠይቃለሁ። የሕንፃችንን ለውጥ «በአካል ተገኝቼ መርምሬአለሁ» ብለው ሲፈርሙ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ስላልታዩ፣ ደረጃ መውጣት ቢከብድዎ ነው ብዬ ከልብ አዝኛለሁ። ምድር ቤት ባለው የሶፋ መደብር ተቀምጠው ሦስት ፎቅ አሻቅበው ያዩበትን ዓይንዎን ግን ያቆይልን፤ እንዲህ ያለ ዓይን በየዘመኑ አይገኝም።

ማን ነህ እንዳይሉኝ፣ በሦስተኛው ፎቅ ስፌት ክፍል የቁልፍ ማስገቢያ የምትሰፋዋ ሴትዮ ልጅ፣ የተሰፋውን በጆንያ የሚያወርደው ለፍላፊው እኔ ነኝ። ትምህርቴ ከሰባተኛ ክፍል አላለፈም። ትምህርት ቤታችን ሁለት መውጫ ነበረው፣ በሩና አጥሩ፤ እኔ የወጣሁት በሁለተኛው ነው። ስለ ሁለተኛ መውጫ ጥቅም ከእኔ የተሻለ ምስክር ቢፈልጉም አያገኙም።

ደግሞስ እንተዋወቃለን። ባለፈው ክረምት የመተኮሻው ጠረጴዛ ተቀጣጥሎ የፊቱ ደረጃ በጭስ ሲታፈን፣ ሃያ ስድስት ሴቶች በጓሮው ደረጃ ወርደው ነፍሳቸውን ያተረፉ ጊዜ፣ በማግስቱ የመጡት እርስዎ ነበሩ። «ና አንተ ወሬኛ፣ ሜትሩን ያዝ» ብለውኝ ጫፉን ይዤልዎ ነበር። የደረጃውን መደገፊያ እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አድርገው፣ «ያተረፋችሁ ይኼ ነው፤ እኔ እዚያ ወንበር ላይ እያለሁ ማንም አይነካውም፤ እህቴ፣ አትስጊ» ያሏት እናቴን ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ በዚያ ሳምንት ግማሾቹ ሴቶች ሥራ ለመልቀቅ ዕቃቸውን ጠቅልለው ነበር። «ሰውዬው ቃሉን ሰጥቶኛል» እያለች አንድ በአንድ የመለሰቻቸው እናቴ ናት። ይህንን ያስታውሱልኝ፤ ቅሬታዬ ሁሉ የሚበቅለው ከዚህ ነው።

አንደኛ፣ የሕንፃው ባለቤት በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ማመልከቻ አስገቡ፤ አንዱ ቀለም ለማደስ፣ አንዱ በር ለመቀየር፣ አንዱ የውስጥ ግድግዳ ለማቆም። ሦስቱም በየተራቸው «ቀላል ጥገና» ተብለው የሕንፃው ደኅንነት ሳይመረመር አለፉ። ሲደመሩ ግን የጓሮው ደረጃ ግርጌ በወረቀት ላይ የሶፋ መደብሩ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል፤ ወደ ውጭ የሚያስወጣው በርም በብሎኬት ሊደፈን ነው። በሬውን ስጡኝ ቢል የሚከለከል ሰው፣ ዛሬ ቀንዱን፣ ነገ ቆዳውን፣ ከነገ ወዲያ «የተረፈችውን ሥጋ» ብሎ ለመነ፤ እርስዎም ሦስት ጊዜ ፈርመው ሲያበቁ በሬ ስለመታረዱ ወሬ እንኳ አልሰሙም።

ሁለተኛ፣ በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ቀልዴ ቢሰለቻት «እንካ፣ ይኼን አንብብና ተገላገለኝ» ብላ የሕንፃ ደንቡን ሰጠችኝ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ሦስት ቀን አነበብኩት። ነባር ሕንፃ ሲለወጥ ከለውጡ በፊት ከነበረው ደኅንነት ዝቅ ሊል አይችልም ይላል። ከአሥር ሰው በላይ የሚሠራበት ፎቅ ሁለት መውጫ ይኑረው ይላል። እኔን አጥር ዘላዩን የገባኝ ይህ ቃል እርስዎን የቱ ጋ እንዳስቸገረዎ ቢነግሩኝ፣ መጥቼ አስረዳዎታለሁ፤ ጎረቤት ለመቼ ነው።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ ከአሥር እንዳያልፍ ብለው ይሁን፣ በምርመራ ዘገባዎ ላይ ሦስተኛ ፎቅ «ዘጠኝ ሠራተኞች» አሉበት ብለዋል። ይህን ለሴቶቹ ባነብላቸው ክፍሉ ተተራመሰ፤ ዘጠኙ እነማን እንደሆኑ እስካሁን አልተስማሙም። ጨርቅ ቆራጯ መቀሷን አስቀምጣ፣ «እኔ የለሁማ! የሌለ ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይቆርጣል?» ብላ እስከ ምሳ ተኛች። ሁሉም ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ከማሽኗ ቀና ብላ፣ ሥራ አትልቀቁ ያለቻቸውን ሴቶች ፊት አንድ በአንድ አየችና መልሳ አቀረቀረች። ክቡር ሆይ፣ እኔ እናቴን ለማሳቅ የተፈጠርኩ ፍጡር ነኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሥራ ፈት አድርገውኛል።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ነው። ሊፍት በሌለው ሕንፃችን ግድግዳ ላይ «ሊፍቱ በዚህ በኩል» የሚል ጽሑፍ ለጥፌ፣ አንድ ነገረ ፈጅ ከነቦርሳው ሩብ ሰዓት ስላስቆምኩ ዘበኛው ዛሬም ሰላምታ አይሰጠኝም። ለካ ጀማሪ ነበርኩ። እኔ የሌለ ሊፍት ባኖር እርስዎ ያለ ደረጃ አጠፉ፤ የእኔን ወረቀት ዘበኛው ቀደደው፣ የእርስዎ ግን ማኅተም አለው።

በመጨረሻም ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት አስተማሪዬ በአርጩሜ ሊያስገባልኝ ያልቻለውን፣ እርስዎ በአንዲት ፊርማ አስረድተውኛል። ቢሮዎ ለገባውም አዲስ ሶፋ እንኳን ደስ አለዎ፤ ቀለሙ ምድር ቤት ካሉት ጋር መንታ መምሰሉ የአጋጣሚ ነገር ነው፣ ማንም ክፉ አላሰበም።

ክብርዎን እንደ በሩ ሳይደፍንብዎ ያቆይልን ዘንድ በመመኘት፣ ዘጠኝ ነን ከሚባሉት ሃያ ስድስት ሴቶች ጋር እጅ እየነሳሁ፣

የሜትሩን ጫፍ ይዞልዎ የነበረው

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል ግንበኛው ብሎኬቱን ይዞ መጣ። ሴቶቹ ግን ቀድመውት አንድ የስፌት ማሽን በጓሮው ደረጃ አውርደው በሩ መካከል ገትረውታል፤ እናቴም ተቀምጣበት እየሰፋች ነው። ግንበኛው «እናቴ፣ እባክዎ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» ቢላት፣ «ዕቃ ማስቀመጫ ነው አላሉህም ልጄ? እኔም ዕቃ ነኝ፣ ተቀምጫለሁ» አለችው። አይስጉ፣ ማሽኑ ጎማ አለው፤ እሳት ቢነሣ በአንድ ግፊት ከመንገድ ይወጣል። ብሎኬት ጎማ የለውም። ደንቡ «የመውጫ መንገድን በዕቃ የዘጋ ይቀጣል» ስለሚል፣ ጥፋታችንን አምነን የቅጣት ደብተርዎን ይዘው እንዲመጡልን እንለምናለን። «የተዘጋው ቦታ» በሚለው መስመር ላይ ዕቃ ማስቀመጫ ብለው ከጻፉ፣ ዕቃ አስቀመጥን እንጂ ምን አጠፋን? መውጫ ብለው ከጻፉ ደግሞ ቅጣቱን በደስታ እንቀበላለን፤ ግንበኛውም ጽሑፍዎን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።