የታጠበው ፍየል

ውድ እትዬ ቱሚናህ፣

ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ ይሁን። ስደውልልሽ አታነሺም፤ መልእክት ስሰድልሽ አንዲት የአውራ ጣት ምስል ብቻ ትመልሻለሽ። «ልጄ ሬትኖ ወለደች፣ ወንድ ነው፣ ሦስት ኪሎ ተኩል ይመዝናል» ብዬ ብጽፍልሽ፣ አሁንም አውራ ጣት! አክስት እንዲህ ናት? እኔ እኮ ከሰኞ ጀምሮ በደስታ ስለፈልፍ ጎረቤቱን ሁሉ አደንቁሬዋለሁ። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ጻፍኩልሽ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሰማራንግ ከተማ ለሚመላለሰው ሚኒባስ ሾፌር ሰጥቼ፣ «እጇ ላይ ሳታስቀምጥ እንዳትመለስ» ብዬዋለሁ።

ልጁ ዳኒስዋራ ተብሏል። አውቃለሁ፣ «የሰው ስም ነው ወይስ የሆቴል?» ትያለሽ። እኔም ብያለሁ፤ ማን ሰማኝ? ለልጁ ፍየል የሚታረድበት የዐቂቃ ድግስ እሁድ ነው። ባለቤቴ ፓርዲ ሁለቱን ፍየሎች አምጥቶ ጓሮ አስሯቸዋል፤ አንደኛው ገና ከአሁኑ ከገመድ ላይ የሸሚዜን እጅጌ በልቶልኛል። በስንጥር የሚሰካውን ሳቴ ወንዶቹ ከሰል ላይ ይጠብሱታል፣ እሱ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ወጡ፣ ጉላዩ ነው። አርባ ሰው የሚያበላ ድስት፣ የኮኮናት ወተቱ እንዳይለያይ ያለ እረፍት የሚያማስል ክንድ ይፈልጋል፤ በዚህ ዘመድ ውስጥ ያ ክንድ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ለረመዳን ፍቺ እኔ ሞክሬው ነበር። ፓርዲ ድስቱን አየና፣ «ውሃውና ዘይቱ ተጣልተዋል እንዴ?» አለኝ። ባል ተብዬ!

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ፤ መዞር እንደምወድ ታውቂያለሽ።

የአምናው አረፋ ትዝ ይልሻል። ሬትኖ ካገባች ሁለት ሳምንቷ ነበር፤ የባሏ ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን የሚበሉበት ቀን። ስጋውን በሳፋ ተሸክሜ ከጓሮ ስመጣ ያቺ የተረገመች ድመት እግሬ ስር ገባች። ሳፋው ተደፋ፣ ስጋው ከዶሮ ቤቱ አጠገብ አፈር ላይ ተዘረገፈ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም። ቧንቧውን ከፈትኩና አጠብኩት። አዎ፣ እኔ! እናታችን «የፍየል ስጋ ውሃ ከነካው ጠረኑ አይለቀውም» እያለች፣ ውሃ ባስጠጋን ቁጥር እጃችንን በማማሰያ እየመታች ያሳደገችኝ እኔ፣ ልቅልቅ አድርጌ አጠብኩት። በጨርቅ አደራረቅኩት፣ በፓፓያ ቅጠል ጠቀለልኩት፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ።

አንቺ መጣሽና ቅጠሉን ገለጥ አደረግሽ። «ዋርሲቲ፣ ይሄ ስጋ ለምን ረጠበ?»

«አሁን የታረደ አይደል እንዴ፣ ትኩስ ስለሆነ ነዋ!»

አየሽኝ። ሎሚ ጨመቅሽበት፤ ዝንጅብሉን፣ እርዱን፣ ጠጅ ሳሩን እጥፍ አደረግሽ። ምን ያደርጋል! ድስቱ ሲከፈት ጠረኑ ምንጣፉ ድረስ መጣ። አጎት ሳስትሮ እንደ ልማዱ፣ «ይሄ ፍየል በደንብ ታርዷል? አሁንም የሚጮህ ይመስለኛል» አለ። የአማቼ እናት አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ሸፈን ስታደርግ አየኋት፤ ፊቴ ጋለ። ምላሴ ቀደመኝና፣ «እትዬ ናት እኮ! ከተሜ ሆና ስጋውን አጥባው ነው!» አልኩ።

ሁሉም ሳቀ። አንቺ ማማሰያውን አስቀመጥሽ፣ እጅሽን ጠረግሽ፣ ሩዝሽን በደረቁ በላሽና ከሰዓት በኋላ በሚኒባሱ ሄድሽ።

እኔ ደግሞ ባንቺ ተናደድኩ! እስቲ ይታይሽ፤ እኔ አጥቤ፣ እኔ ዋሽቼ፣ ተናዳጇም እኔ። «ቀልድ አይገባትም፣ ኩራተኛ ናት» እያልኩ ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ ድረስ አማሁሽ።

ትናንት ሴቶቹ ለእሁዱ ሥራ ልንከፋፈል ቡ ጊያርቲ ቤት ተሰበሰብን። ያቺን ከአጥሩ ወዲያ ያለችውን ጎረቤቴን ነው የምልሽ። «ጉላዩን ማን ይያዘው?» ተባለ። አንዷ፣ «ቱሚናህ ከመጣች ቧንቧውን ቆልፉት!» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ይሄ ቀልድ በሄድኩበት ሁሉ ይከተለኛል፤ የፈጠርኩት እኔ ነኛ። ያን ጊዜ ግን አልቻልኩም። «ስጋውን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ቡ ጊያርቲ የተጠበሰ ሙዟን እያላመጠች፣ «እሱንማ አውቃለሁ» አትለኝም?

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ልብስ ሳሰጣ ባጥሩ አየሁሽ። ድመቷ ላይ ጫማ ስትወረውሪም አይቻለሁ። ደግሞ ሳትቻት።»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ አፍሽ የት ነበር?»

«ቱሚናህ ናት ዝም በይ ያለችኝ። ሚኒባስ ስትጠብቅ ሄጄ ‹ልናገርልሽ› ብላት፣ ‹ተይ፣ የልጇ አማቶች ፊት ናት፤ እኔማ ዛሬውኑ እሄዳለሁ፣ እሷ ግን አብራቸው ትኖራለች› አለችኝ።»

እትዬ፣ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ታውቂ ነበር! እርጥቡን ስጋ እጅሽ ላይ ይዘሽ፣ ዓይኔን እያየሽ ታውቂ ነበር! ጮኸሽ ብትሰድቢኝ፣ በማማሰያው ብትመቺኝ አይሻልም? እኔ ተሳድቤ ይቅርታ ጠይቄ፣ በሳምንቱ ታርቀን ነበር። አንቺ ግን ጥፋቴን ተሸክመሽ ሄድሽና አውራ ጣት ትልኪልኛለሽ። የምናደድበት እንኳ አሳጣሽኝ። ትናንት ከዚያ ወጥቼ እቤቴ እስክደርስ አለቀስኩ፤ ቡ ጊያርቲም ከኋላዬ፣ «ሙዝሽን ረሳሽ!» እያለች።

እሁድ፣ ድስቱ ከመከፈቱ በፊት፣ የአማቼ ወላጆች ፊት ቆሜ እናገራለሁ። ለሬትኖ ነግሬያታለሁ። «እማ፣ አታዋርጂኝ» አለችኝ። «ውርደቱ የኔ ነው፣ አንቺ ልጅሽን አጥቢ» አልኳት። ግን አንቺ በሌለሽበት ማንን እያየሁ ልናገር? አጎት ሳስትሮን?

ቅዳሜ ነይ። የዐቂቃ አጥንት አይሰበርም፤ በየመገጣጠሚያው መለያየትም ካንቺ ቢላዋ በቀር ማንም አይችልበትም። የፓፓያ ቅጠሉን ቆርጬ አዘጋጃለሁ። ማማሰያሽ ሰቅለሽው በሄድሽበት ነው፤ ለረመዳን ፍቺም በሌላ ነው ያማሰልኩት። ካልመጣሽ ግን ሁለቱንም ፍየሎች አጥባቸዋለሁ፤ ያውም በሳሙና። አርባው ሰው አፍንጫውን ይዞ «ማን ነው?» ሲል፣ በዚህኛው ጊዜ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

ስጋውን ያጠበችው ታናሽሽ፣
ዋርሲቲ