እንየው እንዳለው

አባባዬ፣

ካረፉ እነሆ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ደኅንነትዎን አልጠይቅም፤ ከእኛ የተሻለ ቦታ እንዳሉ እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ አሳምናለች። ስለዚህ የቤቱን ወሬ ልንገርዎ። አጥሩ ታድሷል። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል፤ እናቴ ፍሬውን የምታወርደው በመቋሚያዎ ነው። አይቆጡ፤ ሥራ እንዳይፈታ ብላ ነው። ጣናም እንደተዉት ነው፤ እምቦጩ አንድ ሰሞን ይሸሻል፣ ክረምት ሲወጣ ተመልሶ ይመጣል። ባለፈው ወደ ደሴቱ ስንሻገር አረሙ የጀልባዋን ሞተር ቢይዘው ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። እምቦጭ አጥኚ መሆኔን ስለሚያውቁ የተከልሁት እኔ መሰልኋቸው።

የጻፍሁልዎ ግን ስለዚያ ጽሑፍ ነው። ከማስተማሩ ጎን የክለሳ ጽሑፍ ልጽፍ ነው ብዬ የነገርሁዎን ዕለት ያስታውሳሉ? ክለሳ ስል እርስዎ የሰሙት የወጡን ነበር። የማን ወጥ ላይ ውሃ ልትጨምሪ ነው አሉኝ። ተቀምጬ አስረዳሁዎ። የክለሳ መጽሔት አዲስ ሙከራ አያትምም፤ ስለ አንድ ነገር በየአገሩ ያሉ አጥኚዎች ያሉትን ሰብስቦ፣ አበጥሮ፣ የቱ እንደጸና የቱ እንደላላ ያሳያል፤ አለዚያ አንዱ አገር የከሸፈውን ሌላው እንደ አዲስ ሲደክምበት ይኖራል አልሁ። ሰሙኝና፣ ታዲያ አንድምታ ነው አትይኝም ኖሯል አሉ። ዕድሜ ልክዎን አንዱን ቃል አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ መጻሕፍት ሲተረጉሙ ኖረው፣ የእኔ ሥራ የገባዎ ያን ቀን ነው። ደስታዬን አልረሳውም።

የልብ ልብ ተሰማኝና እንደ እርስዎ ተማሪ ጻፍሁት። እምቦጭ አንድም ሐይቅ የሚያንቅ ጠላት ነው፤ አንድም የፋብሪካ ፍሳሽ የሚያጣራ ወዳጅ ነው፤ አንድም ማዳበሪያ፣ አንድም ባዮጋዝ ይሆናል፤ አንድም አረሙን የሚበላ ጥንዚዛ ይለቀቅበት፣ አንድም በእጅ ይነቀል። ብዬ ለአንድ የውጭ መጽሔት ላክሁት። እርስዎ ባረፉ በወሩ፣ እንደ ደንቡ ስማቸው የማይነገር ሦስት ገምጋሚዎች ያሉት ደረሰኝ። ሁለቱ አመስግነዋል። የሦስተኛው ቁጣ ግን የእርስዎ ነበር። ሰብስበሻል እንጂ አልፈረድሽም፤ ለየትኛው ውሃ የትኛው ይሻላል ይላል። እርስዎስ ተማሪ አንድም ሲያበዛ፣ ይህ ትርጓሜ ነው ወይስ የእህል ጎተራ ይሉ አልነበር? ሦስተኛው ገምጋሚ እርስዎ እንዳልሆኑ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ፈርጄ፣ አርሜ መለስሁት፤ ተቀበሉት። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የውጭ መጽሔት የኋለኛውን ስም የቤተሰብ ስም ብሎ ስለሚይዝ፣ ስርጉት እንየው የሚለውን ስሜን ሲያነብ ያየው እርስዎን ነው። ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤ መጣ። የተከበሩ ዶክተር እንየው፣ በዘርፉ ያለዎትን ጥልቅ ዕውቀት ስለምናከብር፣ ይህን ስለ እምቦጭ ጥንዚዛ የተጻፈ ሥራ ይገምግሙልን ይላል። ሳይመልሱ ቢቀሩ ሥራ እንደበዛብዎ እንረዳለን ብለው ቀን ጨመሩልዎ። በሳቅ ፈረስሁ። እርስዎ ጥንዚዛን የሚያውቁት ብራና ሲበላብዎ ብቻ ነበር። ሳቄ ሲያልቅ አለቀስሁ፤ የሚኖሩበትን አገር አድራሻ ማን ይንገራቸው።

ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ላኩልኝ። የቤተሰብ ስምሽ እንየው ነው ወይ፤ ከታተመ ወዲያ አይታረምም አሉ። የሥራ ባልደረባዬ ገልብጪው አለችኝ። ካልገለበጥሽው ጽሑፍሽን የሚጠቅስ ሁሉ እንየው እንዳለው እያለ ይጽፋል፣ አንቺ አንዲት ፊደል ሆነሽ ትቀሪያለሽ አለች። እውነቷን ነው። የለፋሁት እኔ ነኝ፤ ስሜንም እወደዋለሁ። በዚያ ላይ እርስዎን ያህል መሪጌታ በየአገሩ አንተ ማስባል ከበደኝ።

ልገለብጠው ስል ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚሏት ነገር ትዝ አለችኝ። ወንበሬን የሚወርስ ወንድ ልጅ የለኝ፣ ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ አረም ተከትላ ሄደች፣ ስም አስጠሪ የለኝም ይሉ ነበር። እየሳቁ ነው የሚሉት፤ እኔም እስቅ ነበር። ያመኝም ነበር፣ አባባ።

ስለዚህ ትክክል ነው ብዬ መለስሁላቸው። ክለሳስ ቢሆን እስቲ ደግመን እንየው ከማለት ሌላ ምንድን ነው?

በዚህ ሳምንት የመጀመሪያው ጠቃሽ ተገኘ። የማላውቀው የሩቅ አገር ሰው ነው፤ እንየው እንዳለው፣ እምቦጭን ነቅሎ ውሃው ዳር መተው ከንቱ ድካም ነው ብሎ ጽፏል። ለእናቴ ተረጎምሁላት። መሪጌታ መቼ ነው ይህን ያሉት፣ እሳቸው እምቦጭን ከጎመን ይለዩ ነበር እንዴ ብላ፣ በመቋሚያዎ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ፣ እስቲ ስማቸውን ድገሚልኝ አለች። ደገምሁላት።

ቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስምዎ ታስብዎታለች፤ እሱን ለካህናቱ ትቻለሁ። በዓለም ስምዎ ግን እኔ አለሁልዎ። እምቦጭ ከጣና እስኪጠፋ ድረስ ስምዎ ይጠራል፤ እምቦጭ ደግሞ ቶሎ እንደማይጠፋ ያውቃሉ።

ስም አስጠሪዎ፣
ስ. እንየው