ሰባቱ ለምን ይተኛሉ ብለው ቁልፉን ላስነሱት ኃላፊ

ለተከበሩ የዓይን ሆስፒታላችን የመረጃ ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ዓይንዎ እንደምን ነው? በእርስዎ ፊርማ ከሥራ የታገድኩት የፕሮግራም ባለሙያ እኔ ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ተጋርተን አንተ ስንባባል ስለኖርን አንቱታው ለአፌ እንግዳ ቢሆንም፣ የእግድ ደብዳቤዎ «እርስዎ» ብሎ ስለጀመረ እኔም ተምሬያለሁ።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። የሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሕመምተኞችን የዓይን ፎቶ እየለካ፣ ቶሎ ካልታከመ የሚታወረውን የሚያስቀድም ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ብቻውን ሲሠራ ሁለት ቀን ስለሚፈጅ ሥራውን ለስምንት ከፍዬ ጎን ለጎን እንዲሄድ አደረግሁ። ስምንቱ የሚለኩት ለየብቻ ነው፤ የተራው መዝገብ ግን ለሁሉም አንድ ነው። እያንዳንዱ መዝገቡን አንብቦ፣ ስም ጨምሮ፣ እንደ አዲስ ደርድሮ መልሶ ይጽፋል። ሁለቱ እኩል ካነበቡ ኋላ የጻፈው የፊተኛውን ይደመስሳል። ስለዚህ ቁልፍ አበጀሁለት፤ ቁልፉን የያዘው ጽፎ እስኪያስረክብ ሌላው ይጠብቃል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩ኛ፣ ስለ አመራር ጥበብዎ። በስክሪኔ ላይ አንዱ ሲጽፍ ሰባቱ ሲጠብቁ አይተው፣ እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ቆጥረዋቸው፣ እነዚህ ሰባቱ ለምን ይተኛሉ፣ ቁልፉ ይነሳ አሉ። እያንዳንዱ በየራሱ መዝገብ ይጻፍና መጨረሻ ላይ እናዋህደው፣ ሁለት ቀን ብቻ ይስጡኝ ብዬ ለመንኩ። ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ ተባልኩ።

፪ኛ፣ ስለ ቃልዎ። ትእዛዙ በጽሑፍ ይሁንልኝ ስል ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «በእኔና በአንተ መሃል ደግሞ ወረቀት? የመጣ ቢመጣ እኔ አለሁ» አሉኝ። በክፍላችን ትእዛዝ በቃል፣ ወቀሳ በወረቀት መሆኑን እያወቅሁ አመንኩዎት። በሃያ ስም ሞከርነው፤ አንድም አልጎደለም፤ ዕድል ነበር። ቁልፉን ያነሳው እጅ የእኔ ነው፣ አልክድም። የእርስዎን ድርሻ እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ከታገድኩ ጀምሮ አንድ ሳምንት ጠበቅሁ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አሉ።

፫ኛ፣ ስለ ፍጥነቱ። ሥራው ከምሳ በፊት አለቀ፣ እንግዶቹም አጨበጨቡ። ስልሳ አንድ ሰው ግን ከመዝገቡ ጠፋ። ስምንቱም ያለ አንዳች ስህተት ጨርሰናል ብለው ሪፖርት አደረጉ፤ ልክ እንደ እርስዎ።

ከጠፉት አንዷ አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። የዓይኗ ግፊት በሳምንት ውስጥ ሕክምና የሚሻ ነበር። ስምሽ ገብቷል፣ ይደወልልሻል ብዬ በገዛ አፌ ነግሬያት፣ ስልኳን ከጎኗ ሳትለይ ስትጠብቅ ከረመች። በአራተኛው ሳምንት ስትመጣ ቀኝ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ግራውም ጭጋግ ጀምሮታል። «ስሜ ገብቷል ብለኸኝ አልነበር እንዴ ወንድሜ?» አለችኝ። መዝገቡን ከፍቼ ስሟን ፈለግሁ፤ የለም። በማግስቱ «በባለሙያው ቸልተኝነት» የሚለው ደብዳቤዎ ደረሰኝ።

ጠላት ቢያደርገው እናደድ ነበር እንጂ እንዲህ አያመኝም ነበር። አንተ ብዬ የጠራሁት ሰው ነው የከዳኝ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እኔ አለሁ» ያሉትን አሁን በጽሑፍ ይድገሙልኝ።

በቃልዎ ተማምኜ ያደርኩ፣ በፊርማዎ የታገድኩ፣ ውለታዎን ለልጅ ልጅ የማወራ፣

የቀድሞ የጠረጴዛ ባልደረባዎ

ማስታወሻ፦ ልብስ ሰፊዋ ሰኞ ጠዋት ለግራ ዓይኗ ቀጠሮ አላት። ስሟን ማን እንዳጠፋው ስትጠይቀኝ ግማሹን ነገርኳት፤ የቀረውን ግማሽ ለመስማት ቢሮዎ ትመጣለች። በርዎ ላይ የተጻፈውን ማዕረግ ማንበብ ስለማትችል፣ እጇን ይዤ የማስገባት እኔ ነኝ።