ዳማ ያለ ዱላ ተማረች

አስቱዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። የመካኒክ እጅ መፍቻ እንጂ እስክሪብቶ አይስማማውም፤ አንቺ መምህር ነሽና ፊደል ብሳሳት እንደ ልማድሽ ታርሚልኛለሽ። ያየሁትን ነገር ለሌላ ሰው ባወራው ጃጅቷል ይለኛል ብዬ ነው ላንቺ የምጽፈው።

ቤታችን ውስጥ ውሻ አለ። ሳሎናችን ውስጥ! ውሻ የደጅ ነው እያልኩ የኖርኩት እኔ ነኝ ይህን የምልሽ። ያመጣቻት ልጃችን ሂሩት ናት። ብቻዬን መዋሌ ሲያስጨንቃት ከሞጆ የሁለት ወር ቡችላ ይዛልኝ መጣች፤ ጭንቅላቷ መዳፌን የማይሞላ፣ ቀላ ያለ ዳማ መልክ ያላት። ስሟንም ዳማ አልናት። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ የጋራ ስለሆነ ደጅ ማሰር አይቻልም። ሂሩት ብየዳ ቤት ያሠራችውን የሽቦ ሳጥን ጥግ ላይ አስቀምጣ፣ "አባዬ፣ እስክትለምድ እዚህ ውስጥ ትተኛለች፤ ውጭ መሽናት ታስተምራታለህ" ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ማስተማር! እኔ የማውቀው የማስተማር ዘዴ አንድ ብቻ መሆኑን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ቀኑን ሙሉ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩባት። ስትጮህ ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ። ስከፍትላት ደግሞ ሽንቷን ወለሉ ላይ ትለቀዋለች። አንድ ጠዋት ነጠላሽ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ተንሸራቶ ወድቆ ኖሮ፣ ሄዳ እሱ ላይ ሸናችበት። አንቺ ካስቀመጥሽበት ያላነሳሁት ነጠላ ነው። ደሜ ፈላ። ቀበቶዬን ፈትቼ አነሳሁ።

አልሸሸችም። ወለሉ ላይ ልጥፍ ብላ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከሥሯም እንደገና ሽንት ፈሰሰ።

አስቱዬ፣ ያንን ነገር አውቀዋለሁ። ወንጂ ሳለን ዳዊታችን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ ደብተሩን የጣለ ቀን፣ ቀበቶ ሳነሳበት ልክ እንደዚህ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ፤ ቁምጣውም ረጠበ። አንቺ ከኩሽና ሮጠሽ መጥተሽ እጄን ያዝሽና "ልጁ ፈራህ እንጂ ምን ተማረ?" አልሽኝ። እኔ ግን በልጁ ፊት አዋረደችኝ ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩሽ። ሠላሳ ዓመት አልፎ መልሱን ያገኘሁት ከአንዲት ቡችላ ነው። ቀበቶውን ጥዬ፣ ጉልበቴ እያቃሰተ፣ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ቆይታ ቆይታ አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝ።

በዚያው ቀን በካርቶን ይዣት ባጃጅ ተሳፈርኩና ጫልቱ ወደምትባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ሄድኩ። ያደረግኩትን ሳልደብቅ ነገርኳት። አልገሠጸችኝም።

"አባባ፣ ውሻ የምትተኛበትን ቦታ ማቆሸሽ አትወድም። ሳጥኑ የሚጠቅመው ለዚህ ነው እንጂ እስር ቤት እንዲሆንባት አይደለም። ከእንቅልፏ ስትነቃ፣ በልታ ስትጨርስ፣ ተጫውታ ስታበቃ ወዲያው ያውጧት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይውሰዷት። ስትሸና ያመስግኗት።"

"ቤት ውስጥ ከሸናችስ?"

"ይጥረጉት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ምንም። ሱታ፣ አባባ፣ ሱታ" አለችኝ በኦሮምኛ። ቀስ ይበሉ፣ ቀስ።

ማመስገኑ ከሁሉ ከበደኝ። ከሕንፃው ጀርባ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ስትሸና ቆሜ "ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ!" እላለሁ፤ ጎረቤቱ ከየበረንዳው አንገቱን አስግጎ ያየኛል። መጀመሪያ ላይ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። በኋላ ግን ቃሉ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ከገዛ አፌ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅማ። ለዳዊት አንድ ቀን እንኳ ብዬው ይሆን ብዬ ብዙ አሰብኩ። ትዝ የሚለኝ የለም።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ዳማ የምታኝከውን ካልሲ ጣል አድርጋ ወደ በሩ ሄደች። እዚያ ቁጭ አለችና ዞራ አየችኝ። አልጮኸችም፣ አልጫረችም። ዝም ብላ አየችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ከማሽን ጋር ኖሬአለሁ። እንፋሎት ሲበዛ ራሱን የሚያስተነፍስ ቫልቭ ስንቱን ገጥሜአለሁ፤ ሰው ግን ካልገጠመው አይተነፍስም። ይቺን ማን ገጠማት? ሆዷ ውስጥ የሚሰማትን ከበሩ ጋር፣ በሩን ከእኔ ጋር ማን አገናኘላት? ተነስቼ ከፈትኩላት። በቀጥታ ወደ ኒሙ ሮጠች። እኔ ደፉ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሳቂብኝ፤ ለውሻ ሽንት አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን በጥቂት በጥቂቱ መተው ጀመርን። መጀመሪያ እኔ እቤት እያለሁ በሩን ክፍት እተውላታለሁ። ቀጥሎ ዳቦ ልገዛ ስወጣ፤ ከዚያ ቅዳሴ ደርሼ እስክመለስ። አንድ ቀን የአዳማ ነፋስ መስኮቱን ሲያንገጫግጨው ደንግጣ ምንጣፉ ላይ ሸናች። ጠረግኩት። ለጥቂት ቀን ስወጣ ሳጥኑን እየዘጋሁ፣ ቶሎ እየተመለስኩ ቆየሁና እንደገና ከዳቦው ጀመርን። የሚደንቀኝ፣ በሩ ክፍት ሆኖላት እንኳ እንቅልፏ ሲመጣ በራሷ ፈቃድ ሳጥኗ ገብታ መተኛቷ ነው። ስትጮህበት የነበረው ያው ሳጥን! በመጨረሻ መፍቻዬን አመጣሁና በሩን ከነማጠፊያው ፈትቼ ጣልኩት።

ያን ዕለት አርሲ ነገሌ ላለው ዳዊት ደወልኩለት። አንቺን ከቀበርን ወዲህ እየመጣ ያየኛል እንጂ እቤታችን አድሮ አያውቅም፤ የእህል ገበያው ይጠብቀኛል ብሎ ይሄዳል። ሌላ የምለው ስላጣሁ "ና ውሻዬን እይልኝ" አልኩት።

ቅዳሜ መጣ። ዳማን ብቻዋን ትተን አብረን መቃብርሽ ዘንድ መጣን። መቼም አይተሽናል። ስንመለስ ወለሉ ደረቅ ነው፤ እሷም በር በሌለው ሳጥኗ ውስጥ ተኝታለች። ዳዊት ቆሞ ሳጥኑን አየ፤ ወለሉን አየ፤ እኔን አየ።

"በምን አስተማሯት?"

"በመጠበቅ።"

"አልመቷትም?"

"አንድ ቀን ቀበቶ አነሳሁባት። አንተን አየሁህ። ልጄ፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።"

 ተንበርክኮ ጆሮዋን ሲደባብሳት ቆየ፤ ከዚያ ዳማን አስከትሎ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ ኒሙን ተደግፎ ትከሻው ይርገበገባል። ልከተለው ብዬ ተነሳሁና ተውኩት። መጠበቅ ተምሬአለሁ።

ብዙ ቆይቶ ገባ። እጁን ታጠበ፤ ኩሽና ገብቶ የድስቱን ክዳን ከፈተ። ከልጅነቱ ጀምሮ "እርስዎ" እያለ ከሩቅ ሲያናግረኝ የኖረው ልጅሽ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ "አባዬ፣ አንተ ምሳ በልተሃል?" አለኝ።

አልበላሁም አልኩት። አብረን በላን። አደረም።

ነጠላሽን አጥቤ አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ። አንቺ በኖርሽ ጊዜ ያልሰማሁሽን ሁሉ አንድ በአንድ እያስታወስኩ እሰማሻለሁ፤ ቃሌ ነው።

ያንቺው ኃይሉ